«ዲስከቨሪ»፦ የአንዲት ልብ ወለድ መንኮራኩር የውስጥ አቀማመጥ በፊዚክስ ሚዛን

«መንኮራኩር» የሚለው የግዕዝ ቃል የሠረገላ እግርን፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገርን የሚያመለክት ነበር። ለህዋ መጓጓዣ መጠሪያነት ሲውል ግን ስሙና ግብሩ የተለያዩ ይመስላል፤ እስከ ዛሬ ሰው አሳፍረው ከተጓዙት መንኮራኩሮች መካከል ለመኖሪያ የሚሆን ተሽከርካሪ ክፍል የተገጠመለት አንድም የለምና። ሁለቱ የተገናኙት በልብ ወለድ ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እ.ኤ.አ. በ1968 ለእይታ በበቃው የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም፣ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ»፣ ወደ ጁፒተር የምትጓዘውን «ዲስከቨሪ»ን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 2011 የበረረችው እውነተኛዋ የአሜሪካ መንኮራኩር ስሟን ብትጋራም በአሠራር ፈጽሞ ሌላ ናት።

«ዲስከቨሪ» ከውጭ ስትታይ ረጅም የጀርባ አጥንት ትመስላለች። በፊት ጫፏ ሠራተኞቹ የሚኖሩበት ሉል፣ በኋላ ጫፏ በኑክሌር ኃይል የሚሠሩት ሞተሮች ይገኛሉ። ርዝመቷ ለውበት ብቻ የተመረጠ አይደለም። ከኑክሌር ማብለያ የሚወጣው ጨረር ጥንካሬ በርቀቱ ካሬ መጠን ስለሚቀንስ፣ ርቀቱን እጥፍ ማድረግ ጨረሩን ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ ስለዚህ ከባድ መከለያ ተሸክሞ ከመጓዝ ሰውንና ማብለያውን ማራራቅ ይቀላል። አንድ ነገር ግን ጎድሏል። በህዋ ባዶነት ውስጥ ሙቀት የሚወገደው በጨረራ ብቻ በመሆኑ እንዲህ ያለች መንኮራኩር ሰፋፊ የሙቀት ማስወገጃ ሰሌዳዎች ያስፈልጓታል። ሰሌዳዎቹ ቀደም ባሉት ንድፎች ላይ ነበሩ፤ ተመልካች ክንፍ እንዳይመስሉት ሲባል ተነሡ። ለፊልም ሠሪ በቂ ምክንያት ነው፤ መሐንዲስ ግን አይቀበለውም።

ወደ ውስጥ እንግባ። በሉሉ ውስጥ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ፣ ለውጭ ሥራ የሚያገለግሉት ሦስት ትናንሽ መንኮራኩሮች የሚቆሙበት አዳራሽና እንደ ከበሮ ያለው ተሽከርካሪ ክፍል አሉ። የሚበላውም፣ የሚታረፈውም፣ ስፖርት የሚሠራውም በከበሮው ውስጥ ነው፤ በሰው ሠራሽ እንቅልፍ ላይ ያሉት ሦስት ባልደረቦች ሳይቀሩ የተኙት በዚያው ነው። ክፍሎቹን የደለደለው ሰውነት ለክብደት ያለው ፍላጎት መሆኑን ልብ ይሏል። በክብደት አልባነት የሚቆይ ጠፈርተኛ በቂ የአካል እንቅስቃሴ ካላደረገ ከዳሌውና ከመሳሰሉት ክብደት ተሸካሚ አጥንቶቹ በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን እፍግታ ያጣል። ጉዞው በዓመታት የሚቆጠር ከሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ከበሮው ሲሽከረከር ወለሉ በላዩ የቆመውን ሰው ያለማቋረጥ ወደ መሐል ይገፋዋል፤ ሰውየው ይህን ግፊት እንደ ክብደት ይሰማዋል። የሽምጠጣው፣ ማለትም የአክስለሬሽኑ፣ መጠን የጠርዙ ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ ለራዲየሱ ሲካፈል ይገኛል። ለፊልሙ የተሠራው ከበሮ ዲያሜትር 11.6 ሜትር ያህል ስለነበር ራዲየሱን 5.8 ሜትር እንውሰድ። የምድርን ስበት ለመተካት ጠርዙ በሰከንድ 7.5 ሜትር መጓዝ፣ ከበሮውም በደቂቃ ከ12 ጊዜ በላይ መዞር አለበት። ይህ ያዞራል። አርተር ሲ ክላርክ በመጽሐፉ የጨረቃን ስበት መምረጡ ብልህነት ነው፤ ለዚያ በሰከንድ 3.05 ሜትር፣ በደቂቃም 5 ዙር ይበቃል።

በፊልሙ ፍራንክ ፑል የተባለው ጠፈርተኛ በከበሮው ወለል ላይ ሶምሶማ ሲሮጥ እናያለን። የሰው ሶምሶማ ደግሞ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ነው! ፑል ወደ ሽክርክሪቱ አቅጣጫ ከሮጠ ጠቅላላ ፍጥነቱ እጥፍ፣ ክብደቱም አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህም በምድር ካለው ክብደት 65 በመቶ ያህሉ ነው። በተቃራኒው ከሮጠ ግን ሁለቱ ፍጥነቶች ይጣፉና ክብደቱ ዜሮ ይሆናል፤ እግሩ ወለሉን ለቆ ይንሳፈፋል። (ከከበሮው ጋር የሚዞረው አየር ቀስ በቀስ እየገፋ መልሶ ወደ ወለሉ ያመጣዋል።) በፊልሙ ላይ ይህ አለመታየቱ አያስደንቅም። ተዋናዩ ሁልጊዜ በምድር ስበት ከከበሮው ግርጌ ሆኖ ሲሮጥ፣ የሚዞረው በዙሪያው ያለው ክፍል ነበር።

ሌላም ችግር አለ። ቁመቱ 1.7 ሜትር የሆነ ሰው ራስ ከማዕከሉ በ4.1 ሜትር ብቻ ስለሚርቅ በራሱ ላይ ያለው ስበት በእግሩ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ከበሮውን ማፍጠን ወይም ማዘግየት ይህን ልዩነት አይለውጠውም። በዚያ ላይ የኮሪዮሊስ ውጤት አለ፤ ከእጅ የወደቀ ሳንቲም ቀጥታ ከእግር ሥር አያርፍም፣ ራስን በድንገት ማዞርም ማቅለሽለሽን ያመጣል።

ብዙ ሰው ሳይቸገር የሚለምደው በደቂቃ 2 ዙር ያህል እንደሆነ ይገመታል። በዚህ ፍጥነት የምድርን ስበት ለማግኘት የሚያስፈልገው ራዲየስ 223 ሜትር ነው። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ርዝመት 109 ሜትር መሆኑን ስናስብ፣ ጠፈርተኞች እስካሁን በከበሮ ፈንታ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ስፖርት በመሥራት አጥንታቸውን ለመጠበቅ የሚታገሉበት ምክንያት ይገባናል።

ከበሮው ግን ሙሉ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1966 «ጄሚኒ 11» ከሌላ መንኮራኩር ጋር በ30 ሜትር ገመድ ታስራ በዝግታ በመሽከርከር ከምድር ስበት አንድ ሺህኛ እንኳ የማይሞላ ሰው ሠራሽ ስበት ፈጥራለች። የማርስን ስበት በደቂቃ 2 ዙር ለማግኘት 84 ሜትር ራዲየስ ይበቃል፤ የሁለቱ አካላት መጠነ ቁስ እኩል ከሆነ ገመዱ 168 ሜትር ይሆናል። አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ቢከብድና ሰዎቹ በቀላሉ በኩል ቢኖሩስ? ስሌቱን ለአንባቢያን ትተናል።