በእበት ውስጥ የሚያጠምድ ሻጋታ

ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ከፎገራ ሜዳ ሲሸሽ በጣና ዳር ለምለም ሣር ይቀራል። ርብና ጉማራ ያጥለቀለቁት መስክ ከብቱን በጋ የሚያሻግር በረከት ነው። ነገር ግን በዚያው ሣር ላይ ትል ይጠብቃል። በዚህ ጥናት ለትሉ ስለ ተገኘ አንድ ያልተለመደ ጠላት እንመለከታለን።

አስቀድመን ትሉን እንወቅ። በበግ ጨጓራ ተጣብቃ ደም የምትመጠው ሄሞንከስ የተባለች ትል በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከበጠጡ ጋር ይወርዳል፤ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ተፈልፍሎ በሳምንት ያህል ውስጥ እጩ ለመጋባት ይደርሳል፤ ከዚያም በእርጥቡ ሣር ላይ ወጥቶ የሚበላውን በግ ይጠብቃል። እንግዲህ የምንገዛው ኪኒን በሆድ ያለውን ትል እንጂ በመስኩ ያለውን አይነካም።

ሻጋታው የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ዱዲንግቶኒያ ፍላግራንስ ይባላል። ዘሩ ወፍራም ቅርፊት ስላለው ከመኖ ጋር ቢበላ በከብቱ ሆድ ሳይፈጭ አልፎ ከእበቱ ጋር ይወጣል። በእበቱም ውስጥ በቅሎ የሚያጣብቅ መረብ ይዘረጋል፤ እጩ ሲንቀሳቀስ ይያዛል፤ ሻጋታውም ወደ ሰውነቱ ዘልቆ ይመገበዋል። የጣና ዓሣ አጥማጅ መረቡን ጥሎ እንደሚጠብቀው ያለ ነው። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሽያጭ ተፈቅዷል። ሆኖም ትል በሚበዛበት ወራት በየቀኑ ከመኖ ጋር መሰጠት አለበት። በቤት ለሚቀልብ ይህ ይቻላል፤ ከብቱን ለእረኛ ሰጥቶ ለሚያሰማራ ግን ከባድ ነው። (እናቶቻችን ለኩበት እበት ሲለቅሙ እጩንም አብረው ከመስክ ያነሣሉ፤ መሬቱ ግን ማዳበሪያውን ያጣል።)

ደግሞ ልብ እንበል፦ በረግረግ ዳር የሚያስፈራው የጉበት ትል ነው፤ ይህ የሚያጠምድ ሻጋታ ደግሞ ለእርሱ አይሆንም። የጉበት ትል እንቁላል ወደ ውኃ ይገባል፤ የተፈለፈለውም በቀንድ አውጣ ውስጥ ተራብቶ ይወጣና ከሣር ጋር ተጣብቆ ይበላል። በብራዚል ተመራማሪዎች ፖኮኒያ የተባለ ሌላ ሻጋታ የጉበት ትልን እንቁላል እንደሚያጠፋ ተመልክተዋል። በአገራችን ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ጎረቤቱ በዓሣ በሚተዳደርበት በጣና ዳር እንዶድን ያለ ባለሙያ ምክር ወደ ውኃ መጨመር አይገባም ብለን እናምናለን።

ታዲያ ምን እናድርግ? በበጉ መንጋጋ ሥር የሚታየው እብጠት ከሁለቱም ትሎች ይመጣልና በእርሱ ብቻ ኪኒን አትግዙ። አልቤንዳዞል ገና ያላደገውን የጉበት ትል አይገድልም፤ ለዚያ ትሪክላቤንዳዞል ይሻላል። ጥጆችን ከረግረጉ ጠርዝ አርቁ፤ ቢቻል ውኃውን ቀድታችሁ በገንዳ አጠጡ። የሚመጣው በዓል በግ ሲታረድም ጉበቱን ቆርጣችሁ ተመልከቱ፤ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ካገኛችሁ ጉበቱን ቅበሩና ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በጉ የት እንደ ተሰማራ ንገሩ።