የቆየ ትራያምፍ የፊት መብራት ሲደክም

ትራያምፍ ቦንቪል ቲ120 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ባለ 12 ቮልት ሆኗል። መብራቱ ሲደበዝዝ ብዙ ባለቤቶች አዲስ አምፖል ለመግዛት ይሮጣሉ። በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ላይ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከሽቦ መገጣጠሚያዎችና ከማሳው (ከሻሲው ጋር ከሚያያዘው የኤሌክትሪክ መመለሻ) ነው። ስለዚህ መለካት ከመለወጥ ይቀድማል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ልብ ይባል። በዚያ ዘመን ሞዴሎች ላይ ከሻሲው ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። በዛሬ ሞተሮች የለመደ እጅ ባትሪውን ገልብጦ ቢያስር ሬክቲፋየሩንና ቮልቱን የሚገድበውን ዜነር ዳዮድ ሊያቃጥል ይችላል።

1. ባትሪው ይለካል። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12.2 በታች ከወረደ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ።

2. ፊውዙ ይታያል። ያለው አንድ ፊውዝ ብቻ ነው፤ ከባትሪው ኔጋቲቭ በሚወጣው ሽቦ ላይ ይገኛል። ፊውዙ ደህና ቢሆን እንኳ መያዣው ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ዝጎ ሊሆን ስለሚችል ይጸዳል።

3. አምፖሉ ወጥቶ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ይሞከራል። ረጅሙም አጭሩም በደንብ ከበሩ አምፖሉ ጤነኛ ነው።

4. ማሳው ይፈተሻል፤ ዋናው ምርመራ ይህ ነው። አምፖሉ ተመልሶ መብራቱ እንደበራ፣ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላው በአምፖሉ መያዣ ማሳ ላይ ይደረጋል። ንባቡ ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት፤ ግማሽ ቮልት ከደረሰ ማሳው ደካማ ነው። የመብራቱ ቤት ማሳ የሚያገኘው በግራሶ በተሞላው የመሪ ኩሽኔታ በኩል ብቻ ከሆነ፣ መሪው ሲዞር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። መፍትሔው ከአምፖሉ መያዣ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ቀይ ሽቦ ለብቻው መዘርጋት ነው።

5. በኔጋቲቩ በኩልም እንዲሁ ይለካል፤ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ አምፖሉ። ንባቡ ከፍ ካለ በመብራቱ ቤት ውስጥ ያሉት ክብ መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ጥቁሩ የጎማ ሽፋን ሲገፈፍ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ዝገት ይታያል። በብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል፤ የላላው ይለወጣል።

6. አንዱ መብራት ብቻ እምቢ ካለ ማቀያየሪያው ይጠረጠራል። ሰማያዊና ነጩ ሽቦ ለረጅሙ፣ ሰማያዊና ቀዩ ለአጭሩ ነው። ሰማያዊው ላይ ቮልት እየደረሰ ከሁለቱ በአንዱ ካልወጣ፣ የማቀያየሪያው መነካኪያዎች ይጸዳሉ።

7. በመጨረሻ ሞተሩ ተነስቶ፣ ነዳጅ እየተሰጠው ባትሪው ላይ ይለካል። መብራቱ በርቶ ከ13 በታች ከቀረ አልተርኔተሩና ሬክቲፋየሩ ይመረመራሉ። ከ15 በላይ እየወጣ አምፖል የሚያቃጥል ከሆነ ግን ተጠያቂው ዜነር ዳዮዱ ነው። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ከፊት መብራቱ ሥር ባለው ክንፋም አሉሚኒየም ላይ ታስሯል። ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚገናኝበት ፊት ከቀለምና ከዝገት ጸድቶ፣ የማሳ ሽቦውም ጠብቆ፣ ቮልቱ እንደገና ከተለካ በኋላ ነው አዲስ አምፖል የሚገጠመው።