አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፦ ከዋንጫው እስከ ጋራዡ

ስፔናዊው አማካይ አንድሬስ ኢኒየስታ እ.ኤ.አ. በ2024 ጫማውን ሲሰቅል፣ እዚህ ሲያትል እኛ ቤት ተሰብስበን «ከአማካዮች ማን ይበልጣል?» ስንል አመሸን። በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በ116ኛው ደቂቃ ያገባትን ጎል ሁላችንም እናውቃታለን። አባቴ ሲሰማን ቆይቶ «የራሳችሁንስ አምበል ታውቁታላችሁ?» አለን። የመለሰ አልነበረም። እሱም ታሪኩን የሰማው ከአያቴ ነው።

ማን ነበር?

ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1935 አስመራ ተወለደ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር ነበሩ። የፋሺስት መንግሥት በ1940 ባወጣው ሕግ፣ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ሉቺያኖም ክልስ እየተባለ፣ ስድብ እየሰማ አደገ። ከሥራው ጎን ኳስ ይጫወት ነበር፤ ሙያው መካኒክነት ነው። በኋላ ለድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተሰልፏል፤ የብሔራዊ ቡድናችን አምበልም ሆኗል።

ያቺ ቀን

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1962)፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ። ተጋጣሚያችን ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብጽ ነበረች። ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች። ተክሌ ኪዳኔ አንዱን አቻ አደረገ፤ ግብጽ ወዲያው ሁለተኛውን ደገመች። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ያ «ክልስ» እየተባለ የተሰደበው ልጅ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ አላገኘችም።

ከዚያስ?

በደርግ ዘመን፣ በ1978፣ ሉቺያኖ ተሰደደ። ሮም አጠገብ ኦስቲያ በምትባል ከተማ ጋራዥ ከፍቶ መኪና እየጠገነ ኖረ። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ።

ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ የኢኒየስታን ጎል ከመቶ አቅጣጫ ደጋግመን እናያለን፤ የሉቺያኖን ግን በአብዛኛው የያዘው የሰው አፍ ነው። አያቴ ለአባቴ ባይነግረው ኖሮ እኔ ዘንድ ባልደረሰ።

ሁለተኛ፣ ዋንጫው በተነሳበት ጊዜ ኤርትራና ኢትዮጵያ በፌዴሬሽን የተያያዙ ነበሩ። ዛሬ ሬይነር አቬኑ ላይ የሁለቱ አገር ልጆች አንድ ምግብ ቤት ገብተን ጎን ለጎን እንበላለን። «ሉቺያኖ የማን ነው?» ቢባል መልሱ ያጣላን ይሆናል። እኔ ግን የሁላችንም ነው እላለሁ፤ በቁመቱ ስንቱ «የኛ አይደለህም» ብሎት፣ ጎል ሲያገባ ሁሉም «የኛ» አለው።

ሦስተኛ፣ ኦስቲያ መኪናቸውን ያሠሩ ደንበኞች ስንቶቹ ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር? በዚህች ከተማም ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚጠብቁ አባቶች አሉ። አገር ቤት ምን እንደነበሩ ጠይቀናቸው እናውቃለን?

በሚቀጥለው ስብሰባችን እያንዳንዳችን ከአንድ አባት ወይም እናት የሰማነውን ታሪክ ይዘን እንምጣ። እኔ ከአባቴ እጀምራለሁ።