ሴቶችና ሳይንስ፦ የአንድ ሴሚስተር ሴሚናር እንዴት ይዘጋጃል?

የካቲት ሲመጣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2015 የሰየመው የሴቶችና የልጃገረዶች የሳይንስ ቀንና ማርች 8 ይከታተላሉ። አዳራሽ ይሞላል፣ ንግግር ይደመጣል፣ ሰው ይበተናል። እዚህ የምናነሣው ግን የልዩ ልዩ ትምህርት ክፍሎች መምህራንና ተማሪዎች በየሳምንቱ አብረው የሚመረምሩበትን፣ ሴሚስተር ሙሉ የሚዘልቅ ሴሚናር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ጥያቄውን ለዩ። «ታላላቅ ሴት ሳይንቲስቶች» ብላችሁ ከተነሣችሁ ሴሚናሩ የሕይወት ታሪክ ንባብ ሆኖ ይቀራል፤ ተማሪው አድንቆ ይወጣል እንጂ ምንም አይመረምርም። እኔ የምመክረው አጭር ጥያቄ ነው፦ ሥራውን ማን ሠራው፣ የተመዘገበውስ በማን ስም ነው? ይህን ባዮሎጂም ታሪክም ሕግም ለብቻው አይመልሰውም። የትምህርት ክፍሎቹ መገናኘት የሚያስፈልጋቸውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ መምህራን ፈልጉ። ሦስት ይበቃሉ፦ ከተፈጥሮ ሳይንስ፣ ከታሪክ ወይም ከሶሺዮሎጂ፣ ከሕግ። ሦስቱም በየሳምንቱ አብረው ይቀመጡ። ሳምንታቱን ተከፋፍለው ከተፈራረቁ ሦስት ትንንሽ ኮርሶች እንጂ አንድ ሴሚናር አይኖራችሁም። የክሬዲቱንና የማስተማሪያ ሰዓቱን ጉዳይ ከዲኑና ከሬጅስትራር ጋር አንድ ሴሚስተር ቀደም ብላችሁ ጨርሱ፤ የሦስት መምህራን ድካም እንደ አንድ ሰው ሥራ ከተቆጠረ በሁለተኛው ወር ከክፍል የሚቀር አይጠፋም።

ከዚያ የመጀመሪያውን ጉዳይ ምረጡ። ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ከእንዶድ የተሻለ መነሻ አላውቅም። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የበሽታው ተውሳክ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና ነገሩ ቀላል አልነበረም። አክሊሉ አስተውለው፣ መርምረው ግኝቱን ለዓለም አስተዋወቁ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ክብሩ ይገባቸዋል። ሴሚናሩ ግን ከዚህም አልፎ ይጠይቃል። የኬሚስትሪ ተማሪዋ በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ቀንድ አውጣውን እንዴት እንደሚገድል ታስረዳ። የታሪክ ተማሪው የፍሬውን አጠቃቀም ከእናት ለልጅ ያስተላለፉት ሴቶች በየትኛው ሰነድ፣ በምን መልክ እንደተጠቀሱ ይፈልግ። የሕግ ተማሪዋ ደግሞ በአሜሪካ ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ዜብራ መስል በተባለ የውኃ ተባይ ላይ ለማዋል የወጣውን ፓተንት ይዛ ትምጣ፤ ማንም ፈልሳፊው እኔ ነኝ የማይለው የማኅበረሰብ እውቀት በፓተንት ሕግ ፊት ምን ቦታ አለው? ለዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ ሦስት ሳምንት ስጡት፤ አይበዛም።

የውጭዎቹ ጉዳዮች ከዚህ በኋላ ይግቡ። ጆሴሊን ቤል በርኔል በ1967 በኬምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ ፐልሳር የተባሉትን ከዋክብት ምልክት ለዩ፤ የ1974ቱን ኖቤል ግን አማካሪያቸው አንቶኒ ሂዊሽና ማርቲን ራይል ወሰዱት። የዲኤንኤን አወቃቀር በኤክስሬይ ያጠኑት ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ላይ ስትደርሱ ጥንቃቄ አድርጉ። «ኖቤላቸውን ተቀሙ» የሚል ተማሪ ይኖራል፤ ለዲኤንኤ አወቃቀር ግኝት ሽልማቱ የተሰጠው በ1962፣ እሳቸው ያረፉት በ1958 ነው፤ ኖቤል ደግሞ ለሞተ ሰው አይሰጥም። መቆጣት የሚገባው በእሳቸው አመራር የተነሣው የዲኤንኤ የኤክስሬይ ምስል እሳቸው ሳያውቁ ከተሸላሚዎቹ አንዱ ለሆነው ለጄምስ ዋትሰን በመታየቱ ነው። ተማሪዎች ከመፍረዳቸው በፊት ዓመቱን ማጣራት እዚህ ላይ ይልመዱ።

በሕይወት ያሉ ሳይንቲስትም ይኑሩበት። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው አለማያ የተማሩት፣ በኋላም ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ጥናት ማዕከል የመሩት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ አሉ። አደራ፣ የልጅነት ችግራቸውን ተርካችሁ እንዳታቆሙ፤ በመኖ ሣር ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ያደረጉት ምርምር ይነበብ። ሴት ሳይንቲስት ስትነሣ ችግሯን ተርኮ ሳይንሷን መዝለል የተለመደ በደል ነው።

ስለ ክፍሉ አካሄድ ጥቂት ልበል። ከሃያ ተማሪ አይብለጥ፤ ወንዶችም ይመዝገቡ። ክፍሉ ከመምሸቱ በፊት ይጠናቀቅ፣ ከግቢ ውጭ የሚኖሩ ሴት ተማሪዎች ስለ ጨለማ መንገድ አይጨነቁ። ቡድኖቹን ከየትምህርት ክፍሉ ቀላቅሉ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ደግሞ በየሳምንቱ ይቀያየር። ካልተቀያየረ ብዕሩ ሁልጊዜ ሴት እጅ፣ ንግግሩ ወንድ አፍ ላይ ሲወድቅ ታያላችሁ፤ እንዲህ ሲሆን ካያችሁ አቁማችሁ ተወያዩበት፣ የሴሚናሩ ጥያቄ ራሱ ነውና።

የመጨረሻው ሥራ ከመጻሕፍት የተለቀመ ቴርም ፔፐር ባይሆን እወዳለሁ። እያንዳንዱ ቡድን ስሟ በሳይንስ መዝገብ ያልገባ አንዲት ባለሙያ ፈልጎ ያናግር፦ የዘመናት ልምድ ያላት የላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ አዋላጅ ነርስ፣ ዘር መርጣ የምታስቀምጥ አርሶ አደር። ፈቃዷን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ስሟ ይጻፍ አይጻፍ የምትወስነው እሷ ናት። የሚጽፉት የምታውቀውን፣ እንዴት እንዳወቀችውና ማን እንደተጠቀመበት ነው። ረቂቁ ለእርማት ከመቅረቡ በፊት ለእሷ ይነበብላት፤ የተሳሳተውን ታስተካክል። ውጤቱን ከሁለት ትምህርት ክፍል የመጡ መምህራን በጋራ ይስጡ፣ አንድ ቅጂ በስምምነቷ ለቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱ ለራሷ ይድረስ።