ብናኝን ስለ ማድቦልቦል

እሳት ያለ ነፋስ አይነድም። ከሰል ቁርጥራጭ በሆነ ጊዜ በመካከሉ ነፋስ ይገባል፤ ደቆ ብናኝ የሆነ እንደሆነ ግን እሳቱን አፍኖ ያጠፋዋል።

በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በእንጦጦ ግርጌ ባለችው በጉለሌ፥ ሴቶች የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ከተራራው ተሸክመው ይወርዳሉ። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ ነው። እንጨቱ ከስሎ ሲሸጥ ከጆንያው ሥር የሚቀረው ብናኝ እንደ ጥራጊ ይቈጠራል። ነገር ግን ብናኙም ዛፍ ተቈርጦ የተገኘ ነውና እርሱን መጣል ዛፉን መጣል ነው።

ብናኙን ለማድቦልቦል ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ውሃ፥ ማጣበቂያና መጭመቅ ነው። ውሃ ቅንጣትን ከቅንጣት ያቀራርባል፤ ሲደርቅ ግን ቅንጣቱ ተመልሶ ይበተናል። ስለዚህ ውሃው ከሄደ በኋላ አያይዞ የሚያቈይ ጥቂት ሸክላ ዐፈር ወይም የዱቄት ሙቅ ይጨመርበታል። በቀጨኔ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች የዚህን ዐፈር ጠባይ ከእናቶቻቸው ተምረው ያውቃሉ። ዐፈሩ ከበዛ ግን አመዱ ይበዛል፤ ሙቀቱም ያንሳል። የተለወሰው ብናኝ በእጅ ወይም በመጭመቂያ ጠብቆ ከተድቦለቦለ በኋላ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይሰጣል። ኩበት ግን በውስጡ ያለው የሣር ጭረት ስለሚያያይዘው ሌላ ማጣበቂያ አይሻም።

ታላላቆቹ የብረት ፋብሪካዎችም በዚሁ ሕግ ይሠራሉ። ብረት ያለበት ድንጋይ ከማይረባው ይለይ ዘንድ እንደ ዱቄት ይፈጫል፤ ዱቄቱ እንዲሁ ወደ እቶን ቢገባ ግን የነፋሱን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ቤንቶናይት ከሚባል ሸክላና ከውሃ ጋር ተለውሶ፥ በሚዞር በርሜል እየተንከባለለ፥ ሽምብራ ወይም ባቄላ ያህል ይሆናል፤ ከዚያም እስከ 1300 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይተኰሳል። በዚህ ብልሃት አንደርሶን የተባለ የስዊድን ሰው በ1912 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የባለቤትነት መብት አገኘበት።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ከሰልም ሆነ ከብናኙ የተሠራው ድቡልቡል በተዘጋ ቤት ቢነድ፥ የማይታይና የማይሸት መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ የተኙትንም ሳይነቁ ይገድላል። ስለዚህ በርና መስኮት ሳይከፈት አይነድድ፤ ሰውም ፍም በቤት ሳለ አይተኛ።

ጥያቄ፤ የከሰል ብናኝ እሳትን የሚያጠፋው ስለ ምን ነው? ድቡልቡሉስ ደርቆ የማይበተነው በምን ምክንያት ነው?