ስሙን ያስመዘገቡ ዕለት ማንን አስበው ነበር?

ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉልኝ ጠያቂ በትርፍ ሰዓታቸው የድረ ገጽ ስም ወይም ዶሜይን እየገዙ ያስቀምጣሉ። አሁን ሦስት ስም አላቸው፤ ሁሉም ዶት ኮም ናቸው። አንዱ የአሌክሳንድሪያን ከተማ ስም ከቧንቧ ሥራ ጋር ያጣመረ ነው። ሁለተኛው ይርጋጨፌና ቡና የሚሉትን ቃላት ይዟል። ሦስተኛው በአካባቢያቸው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየሆነ የመጣ የአንድ ምግብ ቤት ስም ነው፤ እሱን ያስመዘገቡት አዲስ አበባ ባለው ወንድማቸው ስም ነው። «ለነጋዴዎቹ በቀጥታ ኢሜይል ጽፌ ብሸጥላቸው መብቴ አይደለም ወይ? በ12 ዶላር ገዝቼ በ5 ሺህ ብሸጥ ማን ይከለክለኛል?» ይላሉ።

በ12 ገዝቶ በ5 ሺህ መሸጥን የሚከለክል ሕግ የለም። ዶሜይን መግዛትና አትርፎ መሸጥ በአሜሪካ ሕጋዊ ንግድ ነው። ሕጉ አጥብቆ የሚመረምረው ስሙን ሲይዙ በልብዎ የነበረውን ነው። ያንን ደግሞ የሚያውቀው ከጻፉት ነው፤ ስለዚህ ለነጋዴው የሚልኩት የመጀመሪያ ኢሜይል የሽያጭ ደብዳቤ ብቻ አይደለም፣ የፍርድ ቤት ማስረጃም ነው።

ከሦስተኛው ልጀምር፣ እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ ሰው የፊልም ካሜራ አምራቹን የፓናቪዥንን ስም በዶት ኮም አስመዘገበ። ኢሊኖይ ውስጥ ያለችውን የፓና ከተማን ፎቶ በገጹ ላይ ለጥፎ ስለ ከተማዋ የተሠራ ገጽ አስመሰለው፤ ድርጅቱ ስሙን ሲጠይቀው ለመልቀቅ 13 ሺህ ዶላር ጠየቀ። በ1998 የ9ኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት ፈረደበት። በቀጣዩ ዓመት ኮንግረስ ለዚሁ ጉዳይ የተለየ ሕግ አወጣ፤ የሌላውን የንግድ ምልክት በክፉ ልቦና አትርፎ ለመጠቀም በዶሜይን የያዘ ሰው ለእያንዳንዱ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ሊፈረድበት ይችላል። የሕያው ሰውን ስም ያለ ፈቃዱ አስመዝግቦ ለዚያው ሰው ወይም ለሌላ ለመሸጥ ማሰብም ያስከስሳል።

በወንድም ስም መሆኑ አያድንዎትም። የዶት ኮም ዋና መዝገብ የሚተዳደረው በቬሪሳይን ነው፤ ቬሪሳይን ያለው ቨርጂኒያ ነው። ስለዚህ ባለስሙ አዲስ አበባ ሆኖ ፍርድ ቤት ሊደርስበት ካልቻለ፣ ባለምልክቱ በዶሜይኑ በራሱ ላይ ቨርጂኒያ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሥርቶ ስሙን ማስወሰድ ይችላል። እርስዎ ደግሞ እዚሁ ሜሪላንድ ስለሆኑ ፍርድ ቤት በቀጥታ ሊደርስብዎት ይችላል። ምክሬ አንድ ነው፦ ለዚያ ምግብ ቤት ስለ ዋጋ ምንም አይጻፉ። ከጠየቁዎት ያለ ክፍያ ያስረክቡ። ወንድምዎንም ከዚህ ያውጡት።

ይርጋጨፌ ለብቻው መነገር አለበት። ብዙዎቻችን «የአገራችን ስም ነው፣ የሁላችንም ነው» እንላለን። ነገር ግን የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክር የተቋጨው በ2007 በተደረገ ስምምነት ነው። ዓላማው ከስሙ የሚገኘው ጥቅም ወደ ገበሬው እንዲመለስ ነበር። ስለዚህ ያንን ስም ከቡና ጋር አያይዘው ቡና ለሚቆላ ነጋዴ ሲሸጡ፣ የሚሸጡለት የራስዎ ብቻ ያልሆነ ነገር ነው። ገዢውም በኋላ ችግር ቢገጥመው ወደ እርስዎ ይዞራል። ከመሸጥዎ በፊት የምልክቱን የዛሬ ይዞታ በአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ መዝገብ ውስጥ ይፈልጉ፤ ፍለጋው ክፍያ የለውም። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ብሆን ይህን ስም ለትርፍ አልሸጠውም ነበር።

የቧንቧው ስም የእርስዎ ነው። ተራ ቃላትን ቀድሞ ያስመዘገበ ሰው በፈለገው ዋጋ መሸጥ ይችላል፤ ከእርስዎ በኋላ የተቋቋመ ድርጅት ምልክቱን ስላስመዘገበ ብቻ ስሙን ሊነጥቅዎት አይገባም። ሁለት ነገር ግን ያጣሩ። በትክክል በዚያ ስም የሚሠራ ድርጅት አስቀድሞ ነበር ወይ? በአሜሪካ ምልክት ሳይመዘገብም በንግድ ላይ በመዋሉ ብቻ መብት ሊያስገኝ ይችላል። ስሙን ጊዜያቸው ካለፈባቸው ስሞች ጨረታ ከገዙት ደግሞ የሚቆጠረው እርስዎ የያዙበት ቀን እንጂ የመጀመሪያው ባለቤት ያስመዘገበበት አይደለም። በዶሜይኑ ገጽ ላይም የተፎካካሪ ማስታወቂያ አይተዉ፤ በክርክር ጊዜ ከሁሉ የሚጎዳው እሱ ነው።

ኢሜይሉ አጭርና እውነተኛ ይሁን። «ካልገዙኝ ለተፎካካሪዎ እሰጠዋለሁ» የሚል ቃል አይግባበት። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል የኢሜይል ማስታወቂያ ሕግ ለድርጅት የሚላከውንም ይመለከታል፦ ርዕሱ የማያታልል፣ የፖስታ አድራሻዎ የተጻፈበት፣ «አትላክልኝ» የሚባልበት መንገድ ያለው መሆን አለበት፤ እንቢ ያለዎትን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ከዝርዝርዎ ያውጡ። አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ከጻፉ ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሚላክ ማስታወቂያን ያስቀጣል፤ ማንነትዎንና አድራሻዎን መግለጽ፣ መቀበል ለማይፈልግም ቀላል መንገድ መተው ግድ ነው።

ገዢ ከተገኘ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ገንዘቡን ሦስተኛ ወገን ይዞ ስሙ ሲተላለፍ የሚለቅበትን የኤስክሮው አገልግሎት ይጠቀሙ። የማስተላለፊያውን ኮድ ክፍያው ሳይያዝ አይስጡ። አዲስ የተመዘገበ ስም አብዛኛውን ጊዜ ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ ድርጅት ስለማይሄድ ይህንም ለገዢው አስቀድመው ይንገሩት።

ከጠበቃ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቢደርስዎ በንዴት አይመልሱ። ባለምልክቱ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በጄኔቫው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል፤ ለአንድ ዳኛ 1,500 ዶላር የሚከፍለው እሱ ነው። እዚያ ገንዘብ አይፈረድብዎትም፤ የሚወሰነው ስሙ ይተላለፍ፣ ይሰረዝ ወይስ ባለበት ይቆይ የሚለው ብቻ ነው። እሱ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፦ ስሙ ከምልክቱ ጋር አንድ ወይም አምታች መሆኑን፣ እርስዎ መብት እንደሌለዎት፣ ስሙንም በክፉ ልቦና አስመዝግበው መጠቀምዎን። አንዱ ከጎደለ ይሸነፋል፤ ያላግባብ ስም ለመንጠቅ የቀረበ አቤቱታ ከሆነም ዳኞቹ ይህንኑ በውሳኔያቸው ይጽፉበታል። መልስ የሚሰጡበት ጊዜ 20 ቀን ነው፤ ከማለቁ በፊት ከጠየቁ 4 ቀን ይጨመርልዎታል። ቢፈረድብዎትም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ከሄዱና ማስረጃውን ለመዝጋቢው ከላኩ ዝውውሩ ይቆማል።