ስለ ቶማስ ጥያቄና ስለ ሰበኑ

በግእዝ ቋንቋ «ነፈቀ» ማለት ከፈለ፥ ለሁለት ለየ ማለት ነው። መንፈቀ ሌሊት፥ መንፈቀ ዓመት የምንለው ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። ኑፋቄም እንዲሁ ነውና አባቶቻችን ጥርጥርን የልብ መከፈል አድርገው እንደ ተመለከቱት ከስሙ እንረዳለን። ነገር ግን ልቡ የተከፈለበት ሰው ሁሉ በአንድ ዓይን የሚታይ አይደለም። አንዱ መከፈሉን ወዶ ተቀምጦበታል፤ ሁለተኛው ግን ልቡ አንድ እስኪሆንለት ድረስ ይታመማል። ዛሬ ልንናገር የወደድነው ስለዚህ ስለ ታማሚው ነው።

ወደዚህ አሳብ ያደረሰን በቡራዩ ያገኘነው አንድ ወጣት ነው። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ በጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ገዳሟ የምትታወቀው ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ ወደ ደብረ ሊባኖስ በሚወስደው መንገድ ላይ ሆነው አዲስ አበባን የከበቡ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ከመጠቃለላቸው አስቀድሞም ቢሆን ሥራ ፍለጋ ከየአገሩ ለሚመጣው ሕዝብ ማረፊያ ነበሩ። እንዲህ ያለው ሰው ልብሱን በከረጢት ይዞ ይመጣል፤ የነፍስ አባቱን ግን በትውልድ አጥቢያው ትቶ ይመጣል። በአገሩ ሳለ ኀዘን ቢደርስበት የነፍስ አባቱ ከቤቱ ድረስ መጥተው ያጽናኑት ነበር፤ በአዲሱ አጥቢያ ግን መስቀል ተሳልሞ ከመሄድ በቀር ካህኑን አያውቃቸውም፥ እርሳቸውም አያውቁትም።

ያ ወጣት ከቅዳሴ በኋላ በዐፀደ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ቆሞ ጠበቀን። እናቱ በታመመች ጊዜ ጠበል እንዳስጠመቃት፥ ስእለትም እንደ ተሳለ፥ እርሷ ግን እንደ ሞተችበት ነገረንና «አባቴ፥ እግዚአብሔር ሰምቶኝ ነበርን?» ሲል ጠየቀን። እኛም ለሌላ ጉዳይ ቸኩለን ነበርና «ልጄ፥ እንዲህ ያለውን አትመርምር፤ ኑፋቄ ነው» ብለነው አለፍን። በሚከተለው እሑድ ብንፈልገው አልመጣም። ከዚያም ወዲህ አላየነውም።

ቃሉን ያለ ቦታው እንደ ተናገርነው የተረዳነው ዘግይተን ነው። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 11 ማርታና ማርያም ለጌታችን ያቀረቡት እሮሮ ከዚያ ወጣት ጥያቄ ብዙ የራቀ አይደለም፤ በዚህ ኖረህ ቢሆን ወንድማችን ባልሞተ ነበር ብለውታልና። እርሱም ተጠራጣሪዎች ብሎ አልነቀፋቸውም፤ ከእነርሱ ጋር አለቀሰ እንጂ። በዚሁ ምዕራፍ ቶማስም ይገኛል። ሌሎቹ ደቀ መዛሙርት በይሁዳ የሚጠብቃቸውን ድንጋይ አስበው በፈሩ ጊዜ፥ ሄደን አብረነው እንሙት ያለው እርሱ ነበረ። እንግዲህ በኋላ ካላየሁ አላምንም ማለቱ ከፍቅር ማነስ የመጣ አይመስለንም። አብሮ ሊሞት ቆርጦ የነበረ ሰው፥ ጌታው ሞቶ እርሱ በሕይወት በመቅረቱ ልቡ ቆስሎ፥ በወሬ ብቻ ሊጽናና አልቻለም።

በዳግማይ ትንሣኤ የሚሰበከው ብዙውን ጊዜ የቶማስ እጅ ነው። እኛ ግን በመካከል ያሉት ስምንት ቀናት እንዲታሰቡ እንወዳለን። አሥሩ አይተዋል፤ እርሱ አላየም፤ አላምንም እያለም ከእነርሱ ጋር በአንድ ቤት ሰነበተ። አላባረሩትም፤ እርሱም አልኰበለለም። ጌታችን በሩ እንደ ተዘጋ በገባ ጊዜ ቶማስን ያገኘው በማኅበሩ መካከል ነው። የትርጓሜ ጉባኤ ያየ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል፤ መምህራኑ ከባዱን ጥያቄ ራሳቸው አንሥተው «አንድም» እያሉ ያፍታቱታል እንጂ ጥያቄውን አይሸሹትም።

የቶማስ ነገር ግን በዚያ ቤት አላበቃም። ቤተ ክርስቲያናችን በነሐሴ 16 እንደምታስተምረው፥ እመቤታችን ስታርግ ከህንድ አገር በደመና ሲመጣ ያገኛት እርሱ ነው፤ ሰበኗንም ሰጠችው። ወደ ሐዋርያት ደርሶ መቃብሯን ለማየት ቢጠይቅ ቅዱስ ጴጥሮስ የቀድሞ ጥርጥሩን አንሥቶ ገሠጸው፤ መቃብሩ ሲከፈት ግን ባዶ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ያየውን ነገራቸው፤ ሰበኑንም አሳያቸው፤ ለበረከት ተካፈሉት። ካህናት በመስቀላቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ የዚህ መታሰቢያ ነው። ሐዋርያትም ቶማስ አይቶ እኛ ሳናይ እንቀራለንን ብለው በዓመቱ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ሱባዔ ገቡ። ሕፃናት እንኳ የሚጾሙት የፍልሰታ ጾም፥ ልቡ ተከፍሎ የነበረ ሐዋርያ ለወንድሞቹ ካካፈለው ምስክርነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል?

እምነትን ማካፈል በመንገድ ዳር ቆሞ መልስ መወርወር እንዳልሆነ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 ተጽፏል፤ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያስተማረው በሠረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት ተቀምጦ ነውና። በእነዚህ ከተሞች አብሮ መቀመጥ ማለት በሰሚው ቋንቋ መናገርንም ይጨምራል። ኀዘኑን በአፋን ኦሮሞ የሚያለቅስ ሰው መጽናናቱንም በዚያው ሊሰማ ይገባዋል። በጥር 2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን በተፈተነች ጊዜ ብዙ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ገና መልስ የሚሻ ነውና ይህን እንደ ትንሽ ነገር አንቈጥረውም።

እኛም ከቡራዩው ወጣት ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት መቆየት ለምደናል። ባለፈው ጊዜ በሰበታ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ያንኑ የመሰለ ጥያቄ ይዛ ቀረበች። እኛ ከየት እንጀምር ስንል፥ በአጠገባችን ቆመው የነበሩ አንዲት እናት «ልጄ፥ እኔም የበኵር ልጄን ቀብሬ ሦስት ዓመት እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ፤ ነይ ቤት ሄደን ቡና እንጠጣ» ብለው እጇን ይዘው ሄዱ። ምን እንደ ነገሯት አልጠየቅንም። በሚቀጥለው እሑድ ግን በሴቶች መቆሚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ሲያስቀድሱ አየናቸው።